ለ18 ዓመት የቆመ ባለአፍንጫ መርሴዲስ 911፦ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራ ባለአፍንጫ መርሴዲስ 911 የጭነት መኪና ገዛሁ። መጠለያ ሥር 18 ዓመት ቆሟል። ሻጩ ‹ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው› ብሎኝ ነበር፤ ሞተሩ ግን በብረት ሲሞከር ፍንክች አይልም። ከየት ልጀምር? ሠርቼ ስጨርስስ እንዴት ነው የሚነዳው?»

ባትሪውን ለጊዜው ይተዉት። ይህን ያህል ዘመን በቆመ የናፍጣ ሞተር ላይ ባትሪ አስሮ ሞተሪኖ (ማስነሻውን) መምታት፣ ሊድን ይችል የነበረን ሞተር በአንድ ሰከንድ ቤላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘውን ክንድ) አጣምሞ ማስቀረት ነው። ሞተሩ ቢነሳልዎት እንኳ ሌላ አደጋ ይከተላል። የተነሳን መኪና ሳይነዱ መታገሥ ከባድ ነው፤ ፍሬኑ ግን ገና ዝገት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ይያዙት፤ መጀመሪያ ፍሬንና ጎማ፣ ቀጥሎ መሪና ሻንሲ፣ ከዚያ ነዳጅና ሞተር፣ ቀለም መጨረሻ። ከሞተሩ ሥራ ዛሬውኑ የሚጀመረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የደረቁትን ሲሊንደሮች በዘይት መዘፍዘፍ ነው። ቀናት ስለሚፈልግ እርስዎ ፍሬኑን ሲፈቱ እሱ ውስጥ ውስጡን ይሠራል።

911 የሚለው ቁጥር መኪናውን ይገልጸዋል። የፊተኛው 9 ጠቅላላ ክብደቱ በቶን ነው፤ የኋለኛው 11 በአሥር ሲባዛ ጉልበቱን ይሰጣል፣ 110 ፈረስ። 9 ቶኑ ባዶው መኪና፣ ሾፌሩና ጭነቱ ተደምረው ነው እንጂ 9 ቶን ይጭናል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስቶ ባሌስትራና ፍሬን ይጨርሳል። ሞተሩ በዘመናት መካከል ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል የሞተሩን መለያ ሳህን ያንብቡ። ኦኤም 352 ከሆነ ባለ 6 ሲሊንደር፣ የፒስተን ስፋቱ 97 ሚሜ፣ ምቱ 128 ሚሜ፣ በጠቅላላው 5.675 ሊትር ነው። ይኸው ሞተር በ1113 የጭነት መኪናና በዩኒሞግ 416 ላይም ስለተገጠመ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮንና ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት መቀመጫ) ማግኘት ከባድ አይደለም። ከሞተሩ ይልቅ የሚያስቸግሩት የጋቢናው በርና መስኮት ላስቲኮች፣ የመስኮት ማንሻዎችና የኮፈኑ ማጠፊያዎች ናቸው። እነሱን ሲፈቱ የተሰበረውንም ቢሆን ለናሙና ያስቀምጡ፣ አይጣሉ።

አሁን ወደ መዘፍዘፉ። መጀመሪያ የኖዝሎቹን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን) ዙሪያ በብሩሽና በናፍጣ አጥበው በአየር ያድርቁ፤ አለበለዚያ ኖዝሉ ሲወጣ የ18 ዓመት አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ቱቦዎቹን ፈተው ጫፋቸውን ይድፈኑ፣ ስድስቱንም ኖዝሎች ያውጡ፣ የየሲሊንደሩን ቁጥር ይጻፉባቸው። ኖዝል አልወጣ ካለ በካቻቢቴ አይፈንቅሉት። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ትንሽ ትንሽ እያወዛወዙ ይሳቡት። ከሥሩ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ትቀራለች፤ በተቀለበሰ ሽቦ ያውጧት። አሮጌዋ ላይ አዲስ ከደረቡ ኖዝሉ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ናፍጣው የሚረጭበት ቦታ ይዛባል።

በየሲሊንደሩ 30 ሚሊ ሊትር የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል የተቀላቀለበት ይጨምሩ። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል አየር የሚያስገባ ቦታ ይሁን፣ እሳትና ብልጭታ ይራቅ። መጠኑን የማጠብቀው በምክንያት ነው። የዚህ ሞተር አንድ ሲሊንደር 946 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ መጭመቂያው ወደ 17 ለ1 ስለሆነ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ክፍተት 59 ሚሊ ሊትር አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ፈሳሽ ካለ ፈሳሽ አይጨመቅምና የሚታጠፈው ቤላው ነው። ስለዚህ ፈሳሹ ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ ኖዝሎቹ አይመለሱም።

በየቀኑ በክራንክሻፍቱ የፊት ዳዶ ላይ ቁልፍ አስገብተው ከ60 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ እጀታ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ በልክ ይሞክሩ። ካምቢዮው ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ላይ መሆኑን፣ ቺንጋዎቹ መላላታቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ አንዳንዴ የያዘው ፒስተን ሳይሆን የውሃ ፓምፕ ወይም የአየር ኮምፕረሰር ነው። የቫልቭ ሽፋኑንም ከፍተው ይዩ፤ ሮከሩ (ቫልቩን የሚጫነው ክንድ) ሥር ልል ብሎ የቆመ ፑሽሮድ (ሮከሩን ከታች የሚገፋው ዘንግ) ካገኙ እዚያ ላይ ያለው ቫልቭ ተከፍቶ ደርቋል ማለት ነው። ቫልቩን ከላይ በዘይት አርሰው በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ያነቃቁታል። ማርሽ አስገብቶ በሌላ መኪና መጎተት ፈጽሞ አይሞከር፤ የደረቀው አንድ ሲሊንደር ብቻ ቢሆንም የሚሰበረው ፋሻ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቧጥጣል። በሁለት ሳምንት ካልተነቃነቀ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ማንሳት ነው፣ ሌላ አቋራጭ የለም። ከተነቃነቀ ግን ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ያዙሩት፤ ኖዝል ቀዳዳዎቹ ላይ ጨርቅ አልብሰው፣ ፊትዎን አርቀው።

ወደ ፍሬኑ እንምጣ፤ የዚህ መኪና ዋና ሥራ እዚህ ነው። በአብዛኞቹ 911ዎች ላይ ያለው በዘይት የሚሠራና በታመቀ አየር የሚታገዝ የታምቡር ፍሬን ነው። ስለዚህ ሁለት ሥርዓት ነው የሚፈትሹት፣ የዘይቱንና የአየሩን። ታምቡሩ አልወጣ ካለ በመዶሻ ከመቀጥቀጥ በፊት የሸራውን (ታምቡሩን እየፈተገ የሚያቆመውን) ማስተካከያ ወደኋላ ይመልሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ታምቡሩ ጠርዝ ላይ ያበቀለው የዝገት ከንፈር ነው። ሲከፈት በአየር አይንፉት። የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ያለበት ነው፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ደህና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፣ ጨርቁን በላስቲክ አስረው ይጣሉ። ዘይት የነካው ሸራ አይታጠብም፣ አይቃጠልም፤ ይቀየራል። ከመቀየሩ በፊት ግን ዘይቱ ከየት እንደመጣ ይፈልጉ፤ ምንጩ የኋላ አክስሉ ጎሚኒ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ላስቲክ) ከሆነ አዲሱ ሸራ በወሩ ያንኑ ይሆናል።

የጎማ ሲሊንደሮቹን ፈትተው ውስጣቸውን በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ሲሊንደሩ ይቀየር፤ ለስላሳ ከሆነ በስሱ ተሞርዶ አዲስ ጎሚኒ ይገባለታል። የፍሬን ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ታጥቦ ከገባ በጥቂት ቀን አብጦ ይይዛል፤ የሚታጠበው በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ብቻ ነው። ተጣጣፊ ቱቦዎቹን ውጫቸው ቢያምርም ሁሉንም ይቀይሩ። ያረጀ ቱቦ ውስጡ ያብጥና እግርዎ የገፋውን ዘይት ያሳልፋል፣ ሲለቁ ግን አይመልስም፤ ፍሬኑ ተይዞ ይቀርና ታምቡሩ ይግላል። መካኒክ ሳምንት ሙሉ ሲሊንደር ሲፈትሽ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። የብረት ቱቦዎቹ ከሻንሲው ጋር በታሰሩበት ቦታ በስተጀርባ ይበሰብሳሉ፤ ማሰሪያውን ሳያነሱ ‹ደህና ነው› አይበሉ። የዘይት መስመሩ አንድ ብቻ ከሆነ አንዲት ቀዳዳ አራቱንም ጎማ ፍሬን አልባ ታደርጋለች፤ በዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

የአየር ታንከሩን ሥሩ ባለው መክፈቻ አፍስሰው የሚወጣውን ይመልከቱ። ዝገት የተቀላቀለ ውሃ በብዛት ከወጣ ታንከሩ ውስጡ ስለሳሳ ይወርዳልና ይፈተሻል። በኋላ ሞተሩ ሲሠራ አየሩ ሞልቶ ሞተሩን ያጥፉና ጌጁን ይመልከቱ፤ ዓይንዎ እያየ የሚወርድ ከሆነ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ይቀቡ፣ አረፋ የሠራበት ላይ ነው። የፍሬን ዘይቱ ውስጥ የገባው አየር የሚወጣው ከዋናው ፓምፕ በጣም ከሚርቀው ጎማ ተጀምሮ ነው። ሲጨርሱ ፔዳሉን በኃይል ረግጠው አንድ ደቂቃ ሙሉ ይያዙት። ውጭ ምንም ሳይፈስ ፔዳሉ ቀስ እያለ ከወረደ ዋናው ፓምፕ ውስጡን እያሳለፈ ነው።

ጎማ ላይ የማነሳው አንድ ነገር ሕይወት የሚያጠፋ ነው። የእነዚህ መኪናዎች ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ባለቀለበት ነው፤ ጎማውን የሚይዘው የብረት ቀለበት ዝጎ ወይም ተጣሞ ሲነፋ ቢያመልጥ ሰው ይገድላል። ጎማውን ከመኪናው ከማውረድዎ በፊት የቫልቩን ውስጥ ነቅለው አየሩን በሙሉ ያስወጡ፤ ድርብ ከሆነ ከሁለቱም። ቀለበቱና መቀመጫው እስከ ንጹሕ ብረት ተፍቆ ስንጥቅ ካለ ይጣል፣ አይበየድ። የአንዱን ቸርኬ ቀለበት ለሌላው አያዋውሱ። የሚነፋው በብረት ጎጆ ውስጥ ነው፣ ቱቦው ረጅም፣ ሰውየው ከፊቱ ሳይሆን በጎኑ። ከመነዳሪውና ፍላፑ ከጎማው ጋር አብረው አዲስ ይሁኑ። የጎማውን ዕድሜ ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ይነግርዎታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ ባለ 4 አሃዝ ሲሆን የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው። ሦስት አሃዝ ካዩ ጎማው ካለፈው ክፍለ ዘመን ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም መንገድ አይወጣም።

መሪውን ለመፈተሽ የፊት አክስሉን በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ። ረዳትዎ ፍሬን ረግጦ እያለም ከተነቃነቀ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ሳይሆን ፔርኖው (የፊት ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ቁም ዘንግ) ነው። በግራና በቀኝ ይዘው ሲነቀንቁ የሚንኳኳ ቴስቲና (የመሪ ዘንጎቹ መጋጠሚያ) ነው። ግሪስ ከማስገባትዎ በፊት አሮጌው ግሪስ የደረቀበትን ቀዳዳ ይክፈቱ፤ ፓምፑ ቢጮህም ግሪሱ ወደ ፔርኖው ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። አዲስ ግሪስ በላይም በታችም ሲወጣ ካላዩ አልገባም። ሻንሲው ላይ ስንጥቅ የሚፈልጉት በባሌስትራ መያዣዎቹ ዙሪያ ነው። ስንጥቅ ካገኙ የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ የሚያቋርጥ ብየዳ አያስደርጉ፤ የብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል።

አሁን ነዳጅ። ታንኩ ወርዶ ይታጠባል፤ ከሥሩ የሚያገኙት ጥቁር ዝቃጭ ፊልትሮ በአንድ ቀን ይዘጋል። ፊልትሮዎች፣ ማኒኮቶዎችና የመዳብ ሮንዴላዎች አዲስ። ኖዝሎቹን በመሞከሪያ ፓምፕ ያስፈትኑ፤ መክፈቻ ግፊታቸው 200 ባር አካባቢ ሆኖ ሳያንጠባጥቡ በጭጋግ መልክ መርጨት አለባቸው። የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ሰብሮ ስለሚገባ እጅ አይቀርብም።

ከሁሉ በላይ ግን የናፍጣውን ፓምፕ ውስጥ ይዩ። የነዳጁን መጠን የምትወስን ጥርስ ያላት ዘንግ አለች። መኪናው ሲቆም ሙሉ ነዳጅ ላይ ሆና ከደረቀች፣ ሞተሩ በተነሳ ቅጽበት እስኪፈነዳ ድረስ ይጮሃል፤ ቁልፍ ማጥፋት አያቆመውም። የፓምፑን የጎን ሽፋን ፈትተው ዘንጓን በጣትዎ ይግፏት፤ ያለ ግፍ ሄዳ መመለስ አለባት። ካልተንቀሳቀሰች ፓምፑ ወደ ፓምፕ ባለሙያ ይሂድ፣ በመዶሻ አይነካ። ፓምፑ በአየር የሚሠራ ገቨርነር (የሞተሩን ዙር የሚገድበው ክፍል) ካለው ሜምብራኑን (ስስ ላስቲኩን) ይፈትሹ፤ የተቀደደ ሜምብራንም ያንኑ አደጋ ያመጣል። በዘይት የሚያጣራ የአየር ፊልትሮ ካለው ዘይቱ ከምልክቱ አይለፍ፤ ትርፉ ተስቦ ገብቶ እንደ ነዳጅ ይቃጠላል።

ቫልቮቹ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይስተካከላሉ፤ አየር ማስገቢያው 0.20 ሚሜ፣ ጭስ ማውጫው 0.30 ሚሜ። የማቀጣጠያው ተራ 1-5-3-6-2-4 ነው። ጥንዶቹ 1 ከ6፣ 5 ከ2፣ 3 ከ4 ናቸው፤ የአንዱ ሁለት ቫልቮች እኩል ሲወዛወዙ የጥንዱን ያስተካክላሉ። 6ኛው ሲወዛወዝ 1ኛውን፣ 2ኛው ሲወዛወዝ 5ኛውን፣ እንዲህ እያሉ በሁለት ዙር ይጨርሳሉ። ፊለር ጌጁ ቅባት እንዳለው ወረቀት ትንሽ እየተቋቋመ ሲያልፍ ልኩ ነው።

ለመጀመሪያው ማስነሳት አዲስ 15ደብልዩ-40 የናፍጣ ሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ ሙሉ የራዲያተር ውሃ፣ አዲስ ባትሪ። ቮልቱ 12 ይሁን 24 ከሞተሪኖው ሳህን ያንብቡ። ከዚያ እንዲህ ይሂዱ፦

1. በእጅ ፓምፑ እየገፉ መጀመሪያ በፊልትሮው፣ ቀጥሎ በናፍጣ ፓምፑ ማስተንፈሻ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ያስተነፍሱ።
2. ማጥፊያው (ነዳጅ የሚዘጋው) ተስቦ እንዳለ ሞተሪኖውን 15 ሰከንድ እየመቱ፣ አንድ ደቂቃ እያሳረፉ፣ የዘይት ጌጁ እስኪንቀሳቀስ ይደጋግሙ።
3. የስድስቱን ኖዝሎች ቱቦ ዳዶ ግማሽ ዙር አላልተው፣ ማጥፊያውን ለቀው ሞተሪኖውን አጭር አጭር ይምቱ፤ ናፍጣ ሲያንጠባጥብ ዳዶዎቹን አጥብቀው ማጥፊያውን መልሰው ይሳቡ።
4. አንድ ሰው ከአየር ማስገቢያው አጠገብ ጠፍጣፋ ወፍራም ጣውላ ይዞ ይቁም፤ ሞተሩ ከቁጥጥር ከወጣ አፉን የሚዘጋው በጣውላ ነው፣ በእጅ ወይም በጨርቅ አይደለም።
5. ማጥፊያውን ለቀው ያስነሱ።

በሲሊንደሮቹ ውስጥ ካንዴሌታ (ሲነሳ የሚያሞቅ) የለም፤ ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ ራስ ላይ ስለሚረጭ መጭመቂያው ጤነኛ ከሆነ ይነሳል። ኤተር አይርጩ፣ ፋሻ ይሰብራል። በመጀመሪያ የሚያዩት ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ሲሞቅም ካልጠፋና ውሃው ከቀነሰ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ሰማያዊው የዘይት ሲሆን ፋሻዎቹ ገና ተጣብቀው ሊሆን ስለሚችል ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በጭነት ሳይሠራ ሞተር ለማውረድ አይቸኩሉ። ሲሞቅ በሚኒሞ የዘይት ግፊቱ ከ0.5 ባር ከወረደ ግን ወዲያውኑ ያጥፉ። የመጀመሪያውን ዘይት ከ2 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ሁለተኛውን በ500 ኪሎ ሜትር ይለውጡ።

ፍሪሲዮኑ ከቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ ካለው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አሙቀው ያጥፉ፣ ከፊትዎ ሰፊ ባዶ ቦታ ይኑር፣ 4ኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም ረግጠው ሞተሪኖውን አጭር ይምቱ፤ ብዙ ጊዜ በሁለት በሦስት ምት ይላቀቃል። ለካምቢዮው ጂኤል-4፣ ለዲፈረንሻሉ ጂኤል-5 የተባለ ደረጃ ያለው የማርሽ ዘይት። ጂኤል-5ን ለሁለቱም መጠቀም የሲንክሮዎቹን (ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስማሙትን ቀለበቶች) ነሐስ ሊበላ ይችላል።

ቀለሙን በሚመለከት ይህን ብቻ ልበል፦ ከአንቲሩጂን በፊት የበሩን ታችና የጋቢናውን ወለል ምንጣፍ አንስተው በካቻቢቴ ይውጉ። የሚገባበት ላሜራ ይቆረጥና ይበየድ፤ በስቱኮ የተሸፈነ ዝገት ከሥሩ መብላቱን ይቀጥላል። ሲበየድ ባትሪው ይላቀቅ።

አሁን መንዳቱ። መኪናው ምን ያህል ፍጥነት እንደሚችል ከመገመት ይለኩት። ጎማው ላይና ትራስሚስዮኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክስሉ የሚሄደው ዘንግ) ላይ በኖራ ምልክት አድርገው መኪናውን ሜዳ ላይ ገፍተው ጎማው አንድ ዙር ሲዞር ትራስሚስዮኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠሩ። 6 ዙር ከሆነ፣ የጎማው ዙሪያ ደግሞ 3 ሜትር ከሆነ፣ ከፍተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ ሲሆን በ2,400 ዙር በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በ2,800 ዙር 84። ከ2,800 በላይ የዚህ ሞተር ቦታ አይደለም። 65 ላይ ቀኑን ሙሉ ሳይደክም ይሄዳል፤ እዚያው ያኑሩት።

ማርሽ ሲቀንሱ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ይርገጡ፤ ረግጠው ወደ ፎሌ፣ ለቀው ነዳጅ ትንሽ ሰጥተው፣ እንደገና ረግጠው ወደ ታችኛው ማርሽ። ያረጀ ሲንክሮ በዚህ ዕድሜው ይረዝማል። ረጅም ቁልቁለት ላይ በፎሌ መውረድ ክልክል ነው። አናቱ ላይ ከመድረስዎ በፊት ያንኑ ዳገት በሚወጡበት ማርሽ ያስገቡ፤ ከተንደረደረ በኋላ ማርሽ መቀነስ አይገባልዎትም። የጭስ ፍሬኑን (የሞተሩን ጭስ አፍኖ የሚያዘገየውን) ያብሩ፣ የእግር ፍሬኑን ደግሞ ጠንከር አድርገው ለአጭር ጊዜ ረግጠው ይልቀቁ። ሳያቋርጡ በስሱ መርገጥ ታምቡሩን ያግለዋል፤ የጋለ ታምቡር ይሰፋል፣ ሸራው ከእሱ ይርቃል፣ ፔዳሉም እያደር ወደ ወለሉ ይቀርባል። ይህን ከተሰማዎት በዝቅተኛ ማርሽ ቆመው ያቀዝቅዙ፣ ውሃ አይደፉበት፣ ይሰነጠቃል። ታምቡሩ እንደጋለ የእጅ ፍሬን ስበው መኪናውን ትተው አይሂዱ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ።

ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ባዶውን 20 ኪሎ ሜትር ይንዱና ቆመው እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል ያስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ የሚሞቅ ከሆነ ሸራው አልተመለሰም ወይም ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል። ቀጥሎ 2 ቶን ጭነው ያንኑ ይድገሙ። የጎማ ዳዶዎችን በ50 ኪሎ ሜትር፣ ደግሞ በ200 እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ የተቀባ ቸርኬ ከሆነ ቀለሙ ሲረግጥ ይላላሉና ይህ አይታለፍ።